ግማሽ ሲሊንደር

ባድሩ ከውሃው ብቅ ይላል። ነክሶ የሚተነፍስበትን ጎማ ከአፉ ይተፋና ድንጋዩን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። ገመዱን የያዝነው ሰዎች ጎትተን እናወጣዋለን። ከንፈሩ ጠቁሯል።

“አገኘሁት” ይላል። የሚያየው መሬቱን እንጂ እኔን አይደለም።

ልጄ ዮፍታሄ ውሃው ከወሰደው ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። ከገበያ ሲመለስ በቅሎዋን መሻገሪያው ላይ አዳለጣትና ይዛው ገባች። እሷ በማግስቱ ተንሳፈፈች። እሱ አልወጣም።

እግሩ በሁለት ቋጥኝ መካከል ተቀርቅሯል አለ ባድሩ። ቢጎትት ቢጎትት አልነቃነቅ አለው፤ በዚህ መሀል አየሩ አለቀ። ዲጂኖ ይዞ ቢወርድ ቋጥኙን ፈንቅሎ ያወጣዋል።

ባድሩ የዓለም ከተማ ልጅ ነው። ቆላ ወርዶ የመስኖ ፓምፕ ይጠግናል። ይህችን የአየር ሲሊንደር የያዘው ደለል የደፈነውን የፓምፕ አፍ ውሃ ውስጥ ገብቶ ለመክፈት ነው። ቁመቷ ከክንድ አይበልጥም። ስትሞላ ሰባት ደቂቃ ታስተነፍሳለች። ስታልቅ እንደ ብስክሌት ጎማ በእጅ ፓምፕ ትሞላለች፤ ጉልበት ግን ትጨርሳለች።

አምስት ደቂቃ ንፉ፣ አምስት ደቂቃ አሳርፉት ብሎ አዘዘን። ፓምፑ ከጋለ ውስጡ ያለው ጎማ ይቃጠላል። ይህን ሁለት ጊዜ ነገረን። ከዚያ ብርዱ አንዘፈዘፈው፤ በእኔ ባና ጠቅልለን እሳት ዳር አስቀመጥነው።

የእድራችን ዳኛ አትናቴዎስ ሰዉን በተራ አሰለፈ። ሃያ ሁለት ወንድ ነን። መጀመሪያ ላይ እንደታዘዝነው አሳረፍነው። ከዚያ አንዱ ሲደክመው ሌላው እጀታውን ይቀበለው ጀመር። ደቦ እንዲህ ነው፤ ሰው ይተካል እንጂ ማጭዱ አያርፍም። ሲያድጉ የለመዱትን ነው የሠሩት።

አንዱ ቶሎ ቢለቅ አትናቴዎስ፣ “አንተ ገብስ ስናጭድም ወገቤን ባይ ነህ” አለው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። ወዲያው ለምን እንደመጡ ትዝ አላቸው።

ከወንዙ ራስጌ፣ በራቤል በኩል፣ ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ ከጣለ ደራሽ ጎርፍ ይወርዳል። ደራሽ ከወረደ ልጄን ነቅሎ ዓባይ ድረስ ይወስደዋል። ሬሳ ከሌለ ደግሞ የሚገነዝ የለም፣ የሚቀበርም የለም። ባለቤቴ ወለተጊዮርጊስ ማዶ ተቀምጣ ዓይኗን ከውሃው አትነቅልም። 

የሚነፋው ሰው የጋቢውን ጫፍ በእጁ ላይ ሲጠቀልል አየሁ። ብረቱ ግሎበታል። የጎማ ሽታ ሸተተኝ። አሳርፉት ማለት ነበረብኝ። ደመናውን አየሁና ዝም አልኩ።

እጀታው በድንገት ቀለለ። ሰውየው በጉልበቱ ተደፋ። ፓምፑ እንደ አሮጌ ወናፍ ፉት ብሎ ቀረ።

ባድሩ ባናውን ጥሎ መጣ። ፓምፑን ፈታ፤ ቀልጦ የተጣበቀውን ጎማ በጥፍሩ ፍቆ አየው። ማንንም አልተናገረም። አትናቴዎስ ጥፋቱ የኔ ነው ሊል ጀመረና ሳይጨርሰው ተወው። ሌላ ጎማ ከአዲስ አበባ ወዲህ አይገኝም አለ ባድሩ። ከዚያ የሲሊንደሯን መለኪያ ጠረገ። ቀስቱ ግማሽ ላይ ቆሟል።

“ይበቃኛል” ይላል። “ዲጂኖውን አቀብሉኝ።”

ግማሹ ሦስት ደቂቃ ተኩል ነው። መውረጃው አንድ ደቂቃ ይወስዳል፤ መውጫው አንድ። ለቋጥኙ አንድ ተኩል ይቀራል። ቅድም አምስት ደቂቃ ሙሉ ታግሎ ያቃተው ቋጥኝ ነው። ይህን እሱም ያውቃል። ልጄን በእጁ ነክቶት ስለመጣ መተው አቅቶታል።

ማንም አትውረድ አይለውም። ሁሉም እኔን ያየኛል። ቃሉ የአባት ነው።

“እናትህ አለች?” እለዋለሁ።

“አለች፣ አባባ።”

“የት እንዳለህ ታውቃለች?”

መነጽሩን በምራቁ ያሻል። 

“ፓምፕ ሊጠግን ሄደ ብላ ነው የምታውቀው።”

ዲጂኖውን ከአትናቴዎስ ሊቀበል ዞር ይላል። ሲሊንደሯ ድንጋዩ ላይ ናት። አነሳታለሁ። ካሰብኩት በላይ ትከብዳለች። ከሚነከሰው ጎማ ፊት ያለውን የአየር መልቀቂያ ቁልፍ በአውራ ጣቴ እጫነዋለሁ።

አየሩ እየጮኸ ይወጣል። ሰዉ ሁሉ ይደነግጣል። ባድሩ ሁለት እርምጃ ይመጣና ይቆማል።

“ዓምደ ሚካኤል፣ ምን ማድረግህ ነው?” ይላል አትናቴዎስ። “ልጅህ እኮ እዚያ ነው።”

“አውቃለሁ።”

ወለተጊዮርጊስ ዓይኗን ከውሃው አንስታ እኔን ታየኛለች። ተው ትበለኝ፣ ደግ አደረግህ ትበለኝ፣ ፊቷ ላይ አይነበብም። ጣቴን አላነሳም። ቀስቱ ይወርዳል፤ ጩኸቱም ይቀጥናል። አየሩ በወጣ ቁጥር ብረቱ በእጄ ውስጥ እየቀዘቀዘ ይሄዳል።