እጅሽን ሰብስቢ

የሶላር ባለሙያው ሰገነቱ ላይ ወጥቶ ጉድለቱን ለማግኘት አፍታም አልፈጀበትም። ከስድስቱ ፓኔሎች የዳሯ ላይ ጥላ አርፎባታል። ጥላው ደግሞ የዛፍ አይደለም፤ ወንበራቸውን አስወጥተው ፀሐይ የሚሞቁት የቤቱ ጌታ እናት ጥላ ነው።

"ተከታትለው ስለተቀጠሉ፣ አንዷ ላይ ጥላ ካረፈ የሌሎቹንም ኃይል ይዛ ነው የምትወርደው" አለ፤ ሳያስበው።

አብሮት የወጣው ልጃቸው እናቱን ከነወንበራቸው ብድግ አደረገና ከውኃ ታንከሩ ጀርባ፣ ፀሐይ ከማይደርስበት ጥግ አስቀመጣቸው። ባለሙያው በያዘው መለኪያ ላይ ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ።

"በራ ወይ፣ ልጄ?" አሉ እናት።

"በራ!"

"እሰይ! እንኳን በራላችሁ።"

ባለሙያው በሆዱ 'ምነው ምላሴን በቆረጠው' አለ። "የዳሯን ለብቻዋ ልቀጥላት እችላለሁ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። እማማም ቦታቸው ይመለሳሉ።"

"ምን አለፋህ? እማዬን ማንሳት ይቀላል።"

ባለሙያው መፍቻውን ኪሱ ከተተ። ያን ጊዜ ከታንከሩ ጀርባ አንድ የከሳ እጅ ወጣ፤ መዳፉን ዘርግቶ ፀሐይዋን ተቀበለ። ቀጭን ጥላ ፓኔሏ ላይ አረፈ፤ ቁጥሩም ወረደ።

ልጅየው ዓይኑን ከመለኪያው አላነሳም።

"እጅሽን ሰብስቢ፣ እማዬ።"