ብስክሌቱ ወረታ ሲደርስ

ትዕዛዙ በኅዳር መጨረሻ ከአዲስ አበባ ደወለ።

«የውበቱን ብስክሌት ይዤ እየመጣሁ ነው» አለ።

«አውቶቡስ ጣራ ላይ ጫነዋ» አለችው ሚስቱ።

«አልጭነውም። መንገድ መንገዱን ብቻዬን እመጣለሁ።»

ፀገነት ሳቀች። ሃምሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ወገቡን የሚያመው የግብርና ባለሙያ ለስልጠና ሄዶ በብስክሌት ሊመለስ!

«ውበቱስ? አጠገብህ ካለ አቅርብልኝ።»

«ስደርስ እንነጋገራለን» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ልጁ አሁንም አኩርፏል ማለት ነው። አልፈረደችበትም። መስከረም ላይ ብስክሌት መግዛቱን፣ ለገናም ብቻውን እየነዳ ወረታ እንደሚገባ ሲነግራት «በዚያ ነገር ከመጣህ በሬን አልከፍትልህም» ብላው ነበር። የተናገረችው ፈርታ ነው፤ ከአፏ የወጣው ግን እንደ እርግማን ሆነ። ከዚያ ወዲህ አንድያ ልጇ አልደወለላትም። ስትደውልለት መጀመሪያ አያነሳም ነበር፤ አሁን ጭራሽ ዘግቶታል።

አሁን ደግሞ አባትየው ተጨመረ። ነገሩ ገባት። አባትና ልጅ ተማክረው፣ መንገዱ የሚቻል መሆኑን ሊያሳዩአት ነው።

የሚሌኒየሙ ባንዲራ ገና ከሱቆቹ በር አልወረደም። ፀገነት ከትምህርት ቤት ስትመለስ፣ የአይሱዙ ሹፌሩ የኔነህ መገንጠያው ላይ መኪናውን አቁሞ ጠራት። የድሮ ተማሪዋ ነው።

«ቲቸር፣ ጋሽ ትዕዛዙን ዓባይ በረሃ አገኘኋቸው። ብስክሌታቸውን እየገፉ ዳገቱን ይወጣሉ። ላሳፍርዎ ብላቸው እምቢ አሉኝ።»

«ዳገት ላይማ ማን ይነዳል?»

«ኧረ ሜዳውም ላይ ዘገዩ። በሌላ ምልልስ ሳልፍ ገና ደብረ ማርቆስ ናቸው። በእግራቸው ቢመጡ ይሻላቸው ነበር!»

ፀገነት ሳቀች። የኔነህ ቀልዱን የጀመረው እሱ ሆኖ ሳለ አብሯት አልሳቀም። መስተዋቱን ዘግቶ ሄደ።

በዚያው ሰሞን የባሏ አገር ቁሐር ሚካኤል ላይ አቶ ቢሻው የሚባሉ ዘመድ ሞቱና፣ ከጎረቤቷ ከወይዘሮ እማዋይሽ ጋር ለልቅሶ ሄደች። ሩዙ ታጭዷል፤ ሜዳው ግን ገና ጭቃ ነው። የሟቹን ፈረስ ኮርቻ ጭነው፣ የሟቹንም ጋቢ ኮርቻው ላይ ጥለው፣ አንድ ጎረምሳ ልጓሙን ይዞ በለቀስተኛው መሐል ያዞረዋል። ጎረምሳው እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኗል። አዲስ አበባ ያደገችውን ፀገነትን አሳዘናት።

«ምናለ ቢቀመጥበት?» አለች።

ወይዘሮ እማዋይሽ ክንዷን ቆነጠጧት። «ዝም በይ አንቺ! አይጋለብም፤ ይሳባል እንጂ።»

ለቀስተኛው ሁሉ አሻግሮ አሻግሮ ያያታል። የባሏ የብስክሌት ወሬ እዚህም ደርሷል ብላ አፈረች። ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ሌሊት ሌሊት ግን የምታስበው ሌላ ነገር ነበር። ባሏ ሲደርስ አትቆጣም። ስልኩን ከእጁ ተቀብላ ለልጇ ትደውላለች፤ ከአባቱ ስልክ ከሆነ ያነሳላታል። «በዚያው ብስክሌት ና፤ በሬ ክፍት ነው» ትለዋለች። ቃሏን እየደጋገመች ተለማመደችው።

ለገና ጥቂት ሲቀረው ትዕዛዙ ወረታ አጠገብ ሐሙሲት እንደሚያድር ደውሎ ነገራት። ርእሰ መምህሩ ሳትጠይቀው ፈቃድ ሰጣት። ወይዘሮ እማዋይሽ ገና ሳይነጋ መጥተው ግቢውን ጠረጉ፤ ተቀመጡ፤ ይሂዱም ብትላቸው የሚሄዱ አልመስል አሉ።

«እርስዎም ብስክሌተኛ ሊያዩ ነው?» አለቻቸው።

«አዎ ልጄ» አሉ፣ ወደ ሌላ ዞር ብለው።

ከሰዓት በኋላ በባጃጅ እስከ ከተማው መግቢያ ሄዳ ተቀበለችው። ከብስክሌቱ ወርዶ፣ ከጎኑ ሆኖ በቀስታ ይመጣል። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። የአንድ እግሩ ጫማ ሶል ተገንጥሎ በሲባጎ ታስሯል። ሱሪው አቧራ ጠጥቷል፤ የካቴና ቅባት ግን አልነካውም። የብስክሌቱ መቀመጫ በረጅሙ ልጇ ቁመት ልክ እንደተሰቀለ ነው፤ ከአጭሩ ትዕዛዙ ወገብ ያልፋል። በላዩ የውበቱ ሰማያዊ ጃኬት ታስሯል። ጃኬቱን ስታይ ልቧ ሞቀ። ልኮልኛል፤ ታርቆኛል አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ጎማው ደህና ሆኖ ጫማህ ነው ያለቀው?»

ትዕዛዙ አልሳቀም። ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ።

«መንገዱ እንዴት ነበር?»

«ረጅም ነው።» ትንሽ ሄዶ ቀጠለ። «ደጀን ላይ ነፋሱ ያስቸግራል። ከዳንግላ ወዲህ ደህና ሜዳ ነው። ቀን ቀን ብዙ ያሳስባል፤ ማታ ግን ድካሙ ደግ ነው፤ ያስተኛል። ውበቱ ይችለው ነበር፣ ፀጊ። በደንብ አድርጎ ይችለው ነበር።»

«ይሁን፤ አሸነፋችሁኝ» አለች። «ለሱም እነግረዋለሁ። በሬን ዘግቼ አላውቅም።»

ትዕዛዙ ፊቱን ወደ ሜዳው፣ ወደ ከብቶቹ መለሰ።

ቤታቸው ሲደርሱ ሽማግሌዎች አጥሩ ሥር ተደርድረው ነበር። ብስክሌቱን ሲያዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ይህ ሁሉ ሰው ለባሏ አቀባበል መውጣቱ ፀገነትን አስደሰታት። ቀድማ ሮጠች፤ የግቢውን በር ሁለቱንም ተካፋች ወለል አድርጋ ከፈተችው።

«በል እንግዲህ፣ ተቀመጥበትና እየነዳህ ግባ! ልጄ ቢሆን እንዲህ ነበር የሚገባው። ሰው ሁሉ ይይህ!»

ትዕዛዙ የጃኬቱን እጅጌ መቀመጫው ላይ አስተካከለ። መሪውን በአንድ እጁ ያዘ።

«አይጋለብም ፀጊ» አላት፤ «ይሳባል እንጂ።»