ከአምስት በታች

ሐኪሟ ተኝቶ ሳለ በማስክ አየር የሚነፋለትን ማሽን መስኮት እያሳየች አስረዳችው። «ይቺ ቁጥር ተኝተው ሳሉ በሰዓት ስንት ጊዜ ትንፋሽዎ እንደሚቋረጥ ትነግርዎታለች። ያለ ማሽኑ አርባ አንድ ጊዜ ነበር። ከአምስት በታች ከወረደ ተሳካልን ማለት ነው።»

ሠላሳ ዓመት በሚቲዎሮሎጂ ጣቢያ የዝናብ መጠን ሲመዘግብ የኖረ ሰው ነው። ጠዋት ጠዋት ቁጥሩን በደብተር ይጽፍ ጀመር። ማስኩ በሪዙ ሥር አየር እያሾለከ ሲያስቸግረው፣ ከሠርጉ በፊት ጀምሮ የነበረውን ሪዝ ላጨው። በጀርባው መተኛት ተወ። አሥራ ዘጠኝ፣ አሥራ አንድ፣ ስድስት እያለ ወረደ። በሃምሳ ሦስተኛው ቀን ሁለት ሆነ።

የዚያን ዕለት አልጋው ላይ ሁለተኛ ትራስ አኖረና፣ በማንኮራፋቱ ምክንያት ዘጠኝ ዓመት ሳሎን የተኛችውን ሚስቱን ጠራት።

«ማንያህልሻል፣ ነይ እዪልኝ! ሁለት! ከእንግዲህ ማንኮራፋት የለ፣ ምን የለ። ወደ አልጋሽ ተመለሺ።»

ደብተሩን ተቀብላ ከመጀመሪያው ገጽ ጀምራ አየችው።

«ያለ ማሽኑ ስንት ነበር?»

«አርባ አንድ።»

«እኔ ሠላሳ ስምንት ነበር የቆጠርኩት» አለች። «በግድግዳው በኩል ይሰማል።»

«ትንፋሼ እንደሚቆም ታውቂ ነበር? ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«በቆመ ቁጥር እጠብቅ ነበር።»

«ምን?»

ዓይኗ የማሽኑን ገመድ ተከትሎ ሶኬቱ ጋ ደረሰ።

«መብራት ሲጠፋ አይሠራም፣ አይደል?» አለችው።