የበጉ ሳህን

ኤልሮይ ከጠዋት ጀምሮ መቆሚያ መቀመጫ አጥቷል። የርካሽ ቀይ ወይን ጠጅ ውድድር ዛሬ ነው። ያሸነፈውን የገበሬዎቹ ማኅበር ዓመቱን ሙሉ ይገዛል። የእናቱ የማግሪታ ወይን ዘንድሮም ከተሸነፈ ግን ተክሉ ተነቅሎ መሬቱ ይሸጣል። ይህን ከነገረችው ወዲህ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም።

ዳኛው ኦም ባረንድ ናቸው። እሳቸው የቀመሱትን ደግሞ ለመቅመስ የሚደፍር የለም። ጠርሙሶቹ የትኛው የማን እንደሆነ እንዳይታወቅ በወረቀት ተጠቅልለው በዕጣ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ምግቡን የሚያቀርቡት ባለቤታቸው ታኒ ሚና ናቸው። «ሽማግሌዬ እንዳይሰክርብኝ» እያሉ መጀመሪያ ከየብርጭቆው ፉት ይላሉ፤ ሰዉም ይስቃል። ከዚያ ሳህን መርጠው ያመጣሉ።

አንደኛው ሲቀዳ ዓሣ አመጡ፤ ኦም ባረንድ ወይኑን አጣጣሉት። ለሁለተኛው ቋሊማ አመጡ፤ «አይከፋም» ተብሎ ታለፈ። አምና የባለጸጋው የፊሰር ወይን ሲያሸንፍ የቀረበው የበግ ጥብስ እንደነበር ኤልሮይን ትዝ አለው።

«ሴትዮዋ ጉቦ በልታለች» አለው ለአጎቱ ልጅ ለጃሮድ። «በሳህን ነው የምትነግረው።»

«ዝም በል፣ ይሰሙሃል። አፍንጫ ያለው እሳቸው ጋ ነው፤ እሷ ምን ታውቃለች?»

የጥብሱ ስብ እሳቱ ላይ ተንጠባጥቦ ጭሱ ግቢውን ሞላው። ሰዉ አፍንጫውን ይዞ ሸሸ። ኦም ባረንድ ብቻ ጢማቸውን እየደባበሱ ተቀምጠዋል።

ሦስተኛው ተቀዳ። ታኒ ሚና ፉት ብለው ደገሙት፤ ብርጭቆውን ማቅረቢያው ጠረጴዛ ላይ ትተው በጉን ሊያመጡ ሄዱ።

ይሄ የፊሰር ነው ማለት ነው፣ አለ ኤልሮይ በልቡ። በጭሱ መሃል ተጠግቶ ወይኑን ሣሩ ላይ ደፋና ጠረጴዛው ላይ ከነበረው የቀይ ሥር ሰላጣ ኮምጣጤውን በእጁ ብርጭቆው ውስጥ ጨምቆ ሞላበት። አሁን ይተፉታል፤ ፊሰርም ያልቅለታል።

ታኒ ሚና ሳህኑንም ብርጭቆውንም አቀረቡ። ኦም ባረንድ በጉን ነከሱ፤ ከብርጭቆው በረጅሙ ጠጡ። ፊታቸው አልተጨማደደም።

«የበሰለ ፕሪም ይሸታል» አሉ። «ከበግ ጋር እንዲህ የሚስማማ ጠጥቼ አላውቅም። አሸናፊው ይሄ ነው።»

ታኒ ሚና ብርጭቆውን ተቀብለው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ቀና ብለው ሰዉን ቃኙ፤ ዓይናቸው የኤልሮይ ቀይ ጣቶች ላይ ቆመ። የተረፈውን ደፍተው የጠርሙሱን ወረቀት ቀደዱ።

የማግሪታ ወይን ነበር።