የረጋ ውሃ

ንግግሩን ቃል በቃል ላላስታውሰው እችላለሁ፤ ማን ቀድሞ እንደተናገረም አምታትቼ ይሆናል። የሳተላይቱ ምስል ግን የሰኞ ጠዋት ነበር።

ሥራችን ከራዳር ሳተላይት በሚመጡ የባሕር ምስሎች ላይ የፈሰሰ ነዳጅ መፈለግ ነው። ነዳጅ ሞገዱን ስለሚያረጋጋው ምስሉ ላይ ጠቁሮ ይታያል። ችግሩ፣ ነፋስ የሌለበት ባሕርም ይጠቁራል። ስለዚህ እያንዳንዱ ጥቁረት «ነዳጅ» ወይም «የረጋ ውሃ» ተብሎ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። «ነዳጅ» ከተባለ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቅኝት አውሮፕላን ይነሣል።

አብራኝ የምትሠራውን ሴት «አሞራ» እንላት ነበር፤ ከዓይኗ የሚያመልጥ የለም። ባሏ የነዳጅ ጫኝ መርከብ ካፒቴን ነው። ነዳጅ የቀላቀለ የታንከር እጣቢ ባሕር ላይ ሲደፋ ሁለት ጊዜ ተይዟል፤ አንዱን የእሱ መሆኑን ሳታውቅ ያጋለጠችው ራሷ ናት። ሦስተኛው ፈቃዱን አስነጥቆ እስር ቤት ያስገባዋል።

የዚያን ቀን ጥቁሩ መስመር ባሏ በሚመላለስበት መንገድ ላይ ተጋድሟል። መርከብ ራዳር ላይ እንደ ነጭ ነጥብ ያበራል፤ እዚያ ግን ምንም ነጥብ አልነበረም። የባሏ መርከብ በሬዲዮ የሚልከው መለያ ምልክትም ጠፍቷል። ደፍተው የሚሸሹ መጀመሪያ የሚያጠፉት እሱን ነው።

የነፋሱን ፍጥነት አየሁ። ደግሜ አየሁ። ውሃ የሚረጋበት ነፋስ አልነበረም።

አሞራ ስልኳን ከጆሮዋ አወረደች። ባሏ ጥፋት ሲኖርበት ስልክ እንደማያነሣ ነገረችኝ። ከዚያ «የረጋ ውሃ» ብላ ፈረመችና ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋችው።

«ነፋሱ እኮ ጠንካራ ነው፣ እታለም።»

«አንተ ጥላህንም ሁለቴ ነው የምትለካው። ዛሬ አንዴ ይብቃህ።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ልጆቼ የእስረኛ ልጆች ይባሉ? እባክህ ወንድሜ። አውሮፕላኑ አይሂድበት።»

ከተደረሰብን ሁለታችንም ከሥራ እንደምንባረር ነገርኳት። ጥፋቱን ብቻዋን እንደምትወስድ ማለችልኝ። ብዕሩን አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ መልሼ አነሣሁ። ፈረምኩ።

ትከሻዬን ሳመችኝ። ቤት ይግባ ብቻ፣ ልኩን አሳየዋለሁ እያለች ሳቀች።

የምርመራውን ሪፖርት በኋላ አግኝቼ አረጋግጫለሁ፤ መርከቡ ሰኞ ሊነጋ ሲል ሰምጧል፣ ካፒቴኑ በጎማ ጀልባ ላይ እስከ ሐሙስ ማታ በሕይወት ነበር።