ሁለቴ የተመለሰችው መኪና

ጋሽ አብዱልሰመድ በቦንጋ ሠላሳ ዓመት መኪና ሲጠግኑ አንድም ሥራ ተመልሶ መጥቶባቸው አያውቅም። ይህን ራሳቸው ይናገሩታል፤ ሳይጠየቁም ይናገሩታል።

የመምህር ሚንሃጅ ትንሽ ነጭ መኪና ከሺሺንዳ መልስ ዳገት ላይ ቆማ በፒካፕ ተጎትታ ስትመጣ ምርመራው ጊዜ አልፈጀባቸውም። ቁልፉ ሲዞር ከኋላ መሰማት የነበረበት የፓምፕ ድምፅ የለም።

"የነዳጅ ፓምፑ ሞቷል። ከጅማ አዲስ እናስመጣለን" አሉ። "እኔ ከገጠምኩት በኋላ ፓምፕ እንዳለህም ትረሳዋለህ።"

ሚንሃጅ ከወራቤ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ወጣት ነው። ሰው ፊት ቃል አውጥቶ መናገር የሚከብደው ዝምተኛ። አመስግኖ ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠ፤ መኪናዋን ትቶ መሄድ ሲችል እዚያው ዋለ።

ፓምፑ በሦስተኛው ቀን መጣ። ጋሽ አብዱልሰመድ የባትሪውን ገመድ ነቅለው፣ የኋላውን መቀመጫ አንስተው፣ ከሥሩ ያለውን ክዳን ፈቱ። የቤንዚኑ ሽታ ጋራዡን ሞላው። አሮጌውን ፓምፕ ከታንከሩ አውጥተው አዲሱን ከነማጣሪያው አስገቡ፤ ቤንዚን እንዳያፈስ የጎማውን ቀለበትም ቀየሩ። የሽቦውን ሥራ ልጃቸው ካውሰር ጨረሰችው። ካውሰር ቴክኒክ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምራለች፤ እናቷ ከሞተች ወዲህ ጋራዥ አብራቸው ትውላለች። የአባቷ ዓይን መድከሙን ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም፤ እሳቸውም ማንም እንዲያውቅ አይፈልጉም።

መኪናዋ ተነሣች። በማግስቱ ገበያው መሃል፣ ያውም በገበያ ቀን፣ ቀጥ አለች።

እየተገፋች ስትመለስ ያላያት አልነበረም።

"ጋሽ አብዱ፣ እሷን ደግሞ ማን ጠገናት?" አለ ጎረቤታቸው ጎሚስታው። ሰው ሳቀ።

ጋሽ አብዱልሰመድ ፊታቸው ቀላ። መቀመጫውን እንደገና አነሡ። ካውሰር ሽቦውን ነቀለችላቸው፤ እሳቸው ፓምፑን አውጥተው እያገላበጡ አዩት። ምንም አላገኙበትም። መልሰው ገጠሙት፤ ሽቦውን ካውሰር አያያዘችው። ተነሣች።

"ይቅርታ ልጄ፤ ገበያ ፊት አዋረድኩህ" አሉት።

"ኧረ ምንም አይደል ጋሼ" አለ ሚንሃጅ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሶ አግዳሚው ላይ ሲጠብቅ ነበር፤ ፊቱ ላይ ቅሬታ የሚባል የለም። ይሄ ደግሞ ይበልጥ አሳፈራቸው። ቢቆጣ ይሻላቸው ነበር።

ሁለት ቀን ሳይሞላ መኪናዋ መናኸሪያው በር ላይ ቆመች፤ የጅማውን አውቶቡስ መውጫ ዘግታ። ዳግመኛ እየተገፋች ጋራዥ ገባች።

ከዚያ ወዲያ ጋሽ አብዱልሰመድ ሻይ ቤት መግባት ተዉ። አርብ መስጊድ የኋለኛው ረድፍ ላይ ሰገዱ፤ ሶላቱ እንዳለቀ ሰው ሳያናግራቸው ወጡ። ዓይኔ ነው ጉድ የሠራኝ፣ ያላየሁት ነገር አለ፣ አሉ በልባቸው። ምሳ ቀርቦላቸው ሳይነኩት ተነሡ። ካውሰርም አልበላችም።

"አባዬ፣ ያንተ ጥፋት አይደለም እኮ" አለቻቸው።

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው?" ብለው ተቆጧት። ያልተነካውን ምሳ ማንሣት ጀመረች።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስት ሽማግሌዎች ከበራቸው ቆሙ። ከፊት ያሉት ሐጂ ሰላሐዲን ናቸው፤ የሚንሃጅ አከራይ።

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ።"

"ገብተናል፤ ግን ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" አሉ ሐጂ ሰላሐዲን።

ጋሽ አብዱልሰመድ ጉዳዩ ገባቸው። ነገሩ ሽምግልና ደርሷል። በገዛ ቤታቸው፣ በልጃቸው ፊት ሊወቀሱ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። እንግዶቹ አፍ እስኪከፍቱ አልጠበቁም።

"አውቃለሁ፣ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ዓይኔ ደክሟል። ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ደብቄያችሁ ነው የኖርኩት። የልጁን መኪና እኔ ነኝ ያበላሸሁት። ሌላ ሰው እንዲሠራለት አደርጋለሁ። እኔ ከነገ ጀምሮ ጋራዡን እዘጋለሁ።" እንባቸው መጣ፤ በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉት።

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ።

"አብዱልሰመድ፣ ምን ነካህ?" አሉ ሐጂ ሰላሐዲን። "ስለ መኪና ማን አነሣ? ሚንሃጅ ካውሰርን ለትዳር ጠይቁልኝ ብሎ ነው የላከን። ጋራዥህ ሲመላለስ አይቷት፣ እሱ ደግሞ ለራሱ መናገር የማይችል ልጅ ነው።"

ጋሽ አብዱልሰመድ ወደ ጓዳው ዞሩ። ካውሰር ከጓዳ ወጥታ እግራቸው ሥር ተደፋች።

"አባዬ፣ ዓይንህ ምንም አላበላሸም፤ ሚንሃጅ ተመልሶ እንዲመጣ ብዬ ሽቦውን ሳላጠብቅ የተውኩት እኔ ነኝ።"