የዘውገ ጫማ

ብርዛፍ ጠዋት ጠዋት የባሏን ጫማ ገልብጣ ታራግፋለች። ዘውገ ይህን የፍቅሯ አመል አድርጎ ነበር የሚያየው።

ሐኪሞች የባልን የሕመም ስሜት ወደ ሚስት፣ የሚስትንም ወደ ባል ማሻገር ከቻሉ ቆይተዋል። ዘውገ ወገቡን ሲታከም፣ ብርዛፍ «እስኪሻለው ለእኔ ይሁን» ብላ ተቀበለችው። ከተሻለው ዓመት አልፎታል። እሱ ግን ዛሬ ነገ እያለ አላስቋረጠውም።

በታኅሣሥ ውርጭ፣ በጠዋቱ፣ ጫካውን አቋርጠው ወደ ሐይቁ ወረዱ። ዘውገ እያፏጨ ፊት ፊት ይሄዳል። ድንገት ከኋላው ብርዛፍ «እህ!» አለችና ማነከስ ጀመረች።

«ምነው፣ ወለም አለሽ?»

«ምንም አይደል። ሂድ።»

ሐይቁ ዳር ሲደርሱ ተንበርክካ የእሱን ጫማ ፈታች። የአጋም እሾህ ሶሉን በስቶ ገብቷል፤ ካልሲው በደም ርሷል። እሱ ምንም አልተሰማውም። እሷ ጥርሷን ነክሳ እሾሁን ከእግሩ ነቀለችው።

«ያን ሁሉ መንገድ ዝም ትያለሽ?»

«ስታፏጭ ከሰማሁህ ስንት ጊዜዬ! እንዳትተው ብዬ ነው።»

ዘውገ የሚገባበት ጠፋው። ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን አመቻቸላት።

«በይ ነይ፣ እስከ ቤት አዝዬሽ ልሂድ።»

«ተው ዘውገ» አለችው በቀስታ። «ወገብህ ያመኛል።»